መንገድ ዳር የተሰጣው የገንፎ እህል

አንዲት እናት ነበረች፤ በንጽሕናዋ የማትታማ። የልጇን የገንፎ እህል አንድ በአንድ ትለቅማለች፤ ውሃው እስኪጠራ ታጥባለች፤ ጠራ ብላም አታምንም፣ ደግማ ታጥባለች። ልጇ ምንተስኖት ይባላል። ዘግይቶ የመጣ፣ በስለት የተገኘ ልጅ ነው። ከእናቱ እጅ በቀር የማንም እጅ አጉርሶት አያውቅም።

ታዲያ ይህን ያህል የታጠበ እህል የት ይሰጣ? የኮንዶሚኒየሙ ግቢ ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው። ፀሐዩ ያለው ከአጥሩ ውጪ፣ ዋናው መንገድ ዳር ነው። በአንድ በኩል ጋራዥ አለ፤ በሌላው በኩል አሮጌ የመኪና ባትሪ እየፈለጡ እርሳሱን የሚያቀልጡ ሰዎች። እሷም መካከል ላይ ነጭ አንሶላዋን አንጥፋ እህሉን ታሰጣለች። ወፍ እንዳይለቅምባት አርጩሜ ይዛ ትጠብቃለች።

ከወፍ! ስሙኝማ፤ ከወፍ ትጠብቀዋለች! መኪና ባለፈ ቁጥር ተነስቶ የሚያርፍበትን አቧራስ ማን ይጠብቅላት?

አንድ ቀን ጎረቤቷ እትዬ ዘርፌ ከገበያ ሲመለሱ አጠገቧ ቆሙ።

«የምንቴ እናት፣ ይህን አቧራ አልወደድኩትም። እነዚያ የሚያቀልጡት ነገር ጉሮሮ ይይዛል። አንሺውና እኔ በረንዳ ላይ አስጪው፤ ከሰዓት ፀሐይ ይገባል።»

«አቧራ አይደል እንዴ እትዬ? ይነፋላ!»

«እንጃ ልጄ። እንዲህ የፋፋ ልጅ እንዳይታመምብሽ ብዬ ነው።»

«የፋፋ» አሉ። «እንዳይታመም» አሉ። እናቲቱ ነጠላዋን ስባ የልጇን ፊት ሸፈነች። ከዚያች ቀን ጀምሮ የሰማችው ምክር አልነበረም፤ የሰማችው ዓይን ነበር።

ወራት አለፉ። ልጁ ሆዱን እየያዘ ማልቀስ ጀመረ። ፊቱ ገረጣ። ሳቁ ጠፋ፤ በትንሽ በትልቁ ይነጫነጫል። ከዚያ የከፋው መጣ፤ የሚያውቃቸው ቃላት አንድ በአንድ ይከዱት ጀመር። «ውሃ» ይል ነበር፤ ተወ። «ኳስ» ይል ነበር፤ ተወ። በመጨረሻ «እማ» ብቻ ቀረችው። እናቲቱ በየጠዋቱ ትንፋሿን ይዛ አፉን አፉን ታያለች። ዛሬም ይላት ይሆን?

«በልታብኛለች» አለች። በሯን በእትዬ ዘርፌ ላይ ዘጋች። ደረጃ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ የለም፤ ነጠላው ብቻ ነው። ልጁ በከሳ ቁጥር ደግሞ ገንፎውን ታበዛለታለች። ገባችሁ? እንዲድንላት ብላ ታበዛለታለች!

በስተመጨረሻ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ደሙ ተመረመረ። ሐኪሟ ውጤቱን አይታ ወንበሯን ሳብ አደረገች።

«ደሙ ውስጥ እርሳስ አለ፤ ብዙ አለ። ምንድን ነው የሚበላው?»

«ከእኔ እጅ በቀር የማንንም አይበላም!» አለች እናቲቱ፤ ቀና ብላ።

«እህሉን የት ነው የምታሰጪው?»

«ዋናው መንገድ ዳር…» አለች። አንሶላው ታያት። አርጩሜው ታያት።

«ይድናል?»

«ገንፎውን ከዛሬ ጀምሮ ጣይው። ደሙ ውስጥ ያለውን በመድኃኒት እንቀንሳለን። የጠፋው ሁሉ ይመለሳል ብዬ ግን አልዋሽሽም።»

ልጇን አዝላ በዚያው መንገድ ተመለሰች። እሷ ታሰጣበት በነበረው ቦታ ሌላ ወጣት እናት፣ ሕፃን ታቅፋ፣ አንሶላ አንጥፋለች።

«እህቴ! በማርያም ይዤሻለሁ፣ አንሺው! ልጅሽን ይጎዳብሻል!»

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየቻት። ጀርባዋ ላይ ያለውን የገረጣ ልጅም አየች። ከዚያ ነጠላዋን ሳበችና የሕፃኗን ፊት ሸፈነች።

ምእመናን፣ ከንፈር አትምጠጡ! ለማን ነው የምትመጥጡት? የእናንተ በርበሬ የት ነው የተሰጣው? በጫማችሁ ተሸክማችሁ የገባችሁት አቧራ ልጃችሁ በሚድህበት ምንጣፍ ላይ የለም? ምስኪኗን ጎረቤታችሁን በቡዳነት ለመጠርጠር አንድ ቀን በቃችሁ፤ በዓይናችሁ የምታዩትን ጭስ ለመጠርጠር ስንት ልጅ ይገርጣ?

አንተስ፣ ከፊት የቆምከው፣ ባትሪ የምታስፈልጠው? ሻማህን አብርተህ ገብተሃል፤ አይተንሃል። መንገድ ዳር የደፋኸው ግን በማን ልጅ ደም ውስጥ እንደሚዞር ጠይቀህ ታውቃለህ? «ሥራ ነው» ትለኛለህ። ያቺም እናት የሠራችው ገንፎ ነበር!

ያቺ እናት የእትዬ ዘርፌን በር አንኳኩታ እግራቸው ላይ ወድቃለች። እሳቸውም አንስተው አቅፈዋታል። ዛሬ እህሏን የምታሰጣው እሳቸው በረንዳ ላይ ነው። በየጠዋቱ ግን አሁንም ትንፋሿን ይዛ የልጇን አፍ ትጠብቃለች።

እናንተ ገና አልመሸባችሁም። የሚያስጠነቅቃችሁ ሰው ሲመጣ ነጠላውን አትሳቡ፤ አንሶላውን አንሱ። ልጃችሁ «እማ» እያለ ሳለ አንሱ።