እጥፍ ድንጋይ

በአንድ የኖራ ፋብሪካ ውስጥ ምላሷ የማያርፍ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበረች። ሥራዋ የኖራ ድንጋይ በተዘጋ ምድጃ እያጋለች የሚወጣውን ጋዝ ግፊት መለካት ነው። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ አቶ መንበሩ እንግዶች አስከትለው ገቡና «ድንጋዩን እጥፍ አድርጊው፤ ግፊቱም እጥፍ ይሆናል!» ብለው አዘዙ።

እሷም ድንጋዩን ጨመረች። ሙቀቱ ያው ስለነበር የመለኪያው ቀስት ንቅንቅ አላለም። አቶ መንበሩ በእንግዶቻቸው ፊት አፈሩና ደማቸው ፈላ።

«ጋዙን የት አደረስሽው? አሁኑኑ ካላስረዳሽኝ ተባረሻል!»

ሠራተኛዋ ግን ዝም ማለት አላስቻላትም። «ጌታዬ፣ ድንጋዩ መኖሩ ብቻ ይበቃል፤ ቢበዛ ግፊቱን አይለውጠውም። ግፊቱን የሚወስነው ሙቀቱ ነው፤ ጋዙ ለዚህ ሙቀት የሚገባው ግፊት ላይ ሲደርስ ድንጋዩ ሌላ ጋዝ መልቀቁን ያቆማል።»

«በዝቶ እንዴት ለውጥ አያመጣም? ልታሞኚኝ ነው?»

«ኧረ በጭራሽ! አምና አንድ ምክትል ነበረዎት፤ ዘንድሮ አራት ሆኑ። ታዲያ ሥራው ጨመረ?»

እንግዶቹ በሳቅ ፈነዱ። አቶ መንበሩ ጥቂት አሰብ አደረጉና «በይ አንቺ እዚህ እሳቱን ጨምሪ፤ እኔ እዚያ እጨምራለሁ» ብለው ወደ ምክትሎቻቸው ቢሮ ገሰገሱ።