ሽኮኮዎች ኢኮ የመረጡ ጊዜ

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ ጆሮ ያለው ጠጋ፣ ሥራ ያለው ወደ ሥራው።

ድሮ ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ በአንድ ትልቅ ገደል ላይ ሽኮኮዎች ይኖሩ ነበር። ብዙ ነበሩ፤ ወፍራም ነበሩ፤ ብልህ መሆናቸውንም ራሳቸው ይናገሩ ነበር።

እነዚህ ሽኮኮዎች ሁለት ጠላት ነበራቸው። አንዱ ንስር ነው፤ ከላይ ይመጣል። አንዱ ነብር ነው፤ ከታች ይመጣል። ንስር ሲመጣ ወደ ዋሻ መግባት ነው። ነብር ሲመጣ ግን ዋሻ አያዋጣም፤ ነብር ዋሻው አፍ ላይ ተጋድሞ፣ እጁን እየሰደደ፣ አንድ በአንድ ጎትቶ ያወጣል። ስለዚህ ነብር ሲመጣ እሱ ወደማይደርስበት የገደሉ ጫፍ መውጣት ነው።

ጠላት የምትጠብቅላቸው እመት ደብሪቱ የምትባል ሽኮኮ ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ ቋጥኝ ላይ ተቀምጣ ስትጮህ ጉሮሮዋ አለቀ። ድምፅዋ ሲዘጋ ሽኮኮዎቹ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ አንድ ሲንተሳይዘር የሚሉት ኦርጋን ከነድምፅ ማጉያው አመጡላት። ንስር ካየች አንድ ጊዜ ትመታለች፤ «ጢን!» ሁሉም ዋሻ ይገባል። ነብር ካየች ሁለት ጊዜ ትመታለች፤ «ጢን! ጢን!» ሁሉም ጫፍ ላይ ይወጣል። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም አልተበላም። ማንም ስላልተበላ የደብሪቱ ሥራ እንደ ሥራ መቆጠሩ ቀረ።

አንድ ቀን የሽኮኮዎቹ ሊቀመንበር አቶ ድንበሩ ዝንጀሮዎች ሠርግ ጠርተውት ሄደ። ሲመለስ ምሳ ቀረበለት፤ አልበላም።

«ምን ሆነሃል?» አለችው ሚስቱ አስካለ።

«የእኛ ድምፅ ደረቅ ነው» አላት።

«የምን ድምፅ?»

«ሲንተሳይዘራችን ነዋ! ጢን ይልና ያልቃል። የዝንጀሮዎቹ ጢን ካለ በኋላ ነው ገና የሚጀምረው። ይመላለሳል፣ ይንሳፈፋል። ኢኮ አለው! እኛ እኮ የምንኖረው እንደ ኋላ ቀር ነው።»

«እነሱ ለጭፈራ ነው የሚመቱት። እኛ ላለመበላት ነው» አለች አስካለ።

«አንቺ ሙዚቃ አይገባሽም» አላት። ያን ጊዜ ምግቡን በላ፤ ሚስትን ዝም ማሰኘት የምግብ ፍላጎት ይከፍታል መሰለኝ።

በማግስቱ አያ ቁራ መጣ። አያ ቁራ ከየአገሩ የሚያብረቀርቅ ነገር እየለቀመ የሚያዞር ነጋዴ ነው። አንድ ስልክና አንድ የብረት ሳጥን አስቀመጠላቸው። «ሁለቱም ኢኮ ይሠራሉ። ሞክሩና የወደዳችሁትን አስቀሩ» ብሎ በረረ። ስለ ድምፁ ጥቅም አልጠየቀም፤ ነጋዴ ይህን ሁሉ ቢጠይቅ መቼ ይሸጣል?

ስልኩ ጠባዩ ለስላሳ ነበር። «እንኳን ደህና መጡ!» አለ። «እኔ ውስጥ ኢኮ የሚሠራ አፕ አለ። ሠላሳ ዓይነት ቦታ አለኝ። አዳራሽ አለኝ፣ ቤተ መቅደስ አለኝ፣ ዋሻም አለኝ። በእኔ በኩል ያለፈ ድምፅ ልክ ዋሻ ውስጥ ያለ ይመስላል!»

ሽኮኮዎቹ በአድናቆት ተንጫጩ። የሚኖሩት ዋሻ ውስጥ መሆኑን ያስታወሰ አልነበረም።

ሳጥኑ ግን ኮስታራ ነበር። ግንባሩ ላይ ሦስት ማዞሪያ አለው፤ ክብደቱ የአንድ ቤተሰብ ነው። «እኔ አፕ አይደለሁም» አለ። «እኔ ብረት ነኝ። በእኔ በኩል ያለፈ ድምፅ ሙቀት አለው። ስልክ ሥራው ወሬ ማመላለስ ነው፤ ሙዚቃ ላይ ማን ጠራው?»

«ይቅርታ ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ያለዎት አንድ ኢኮ ብቻ ነው» አለ ስልኩ።

«አንድ ነው፤ ግን የእውነት ነው!»

«የእኔ ሠላሳ ነው፤ በየጊዜውም ይታደሳል!»

ሲንተሳይዘሩ በመካከላቸው ሆኖ ቀስ ብሎ፣ «እኔን የሚጠይቅ የለም ወይ?» አለ። የሚጠይቅ አልነበረም።

ስብሰባ ተጠራ። ገደሉ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ስልከኛ፣ ግማሹ ሳጥነኛ ሆነ። እስከ ትናንት አብረው ሣር ሲግጡ የነበሩ ጎረቤታሞች ሰላምታ ተነፋፈጉ። አንዱ ሳጥነኛ እጁን ሳጥኑ ላይ ጫነና ዓይኑን ጨፍኖ፣ «እውነትም ሙቀት አለው!» ብሎ መሰከረ። ሳጥኑ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ነበር።

አስካለ እጇን አወጣች። «አንድ ጥያቄ አለኝ። ድምፁ እየተመላለሰ ከመጣ አንዱን ጢን ከሁለቱ ጢን እንዴት ነው የምንለየው?»

«እሱ ከአጀንዳ ውጭ ነው» አለ ድንበሩ። «አጀንዳው ስልክ ወይስ ሳጥን የሚል ነው።»

እመት ደብሪቱም በዚያች በተዘጋች ድምፅዋ፣ «ልጄ ድንበሩ፣ እኔ ጠባቂ ነኝ እንጂ ዘፋኝ አይደለሁም» አለች።

«እመት ደብሪቱ፣ ካልተመቸዎት ሌላ እንተካለን» አላት።

ደብሪቱ ቋጥኙን አየች፤ የተሰበሰበውን ሁሉ አየች። ጥላው ብትሄድ የሚቀመጥበት እንደማይጠፋ፣ ሰማዩን የሚያይበት ግን እንደማይኖር ገባት። ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

በመጀመሪያው ቀን ስልኩ በገመድ ከሲንተሳይዘሩ ጋር ተሰካ። ረፋዱ ላይ ነብር በሣሩ ውስጥ እየተሳበ መጣ። ደብሪቱ ሁለት ጊዜ መታች። ጭጭ።

«ምነው?» አለች።

«ይቅርታ፣ በመታደስ ላይ ነኝ» አለ ስልኩ። «ሠላሳ አንደኛው ቦታ እየመጣልዎ ነው።»

«ነብር ነው እየመጣልኝ ያለው!»

«ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።»

ደብሪቱ ገመዱን ነቀለችና በደረቁ መታች፤ «ጢን! ጢን!» ሽኮኮዎቹ ጫፍ ላይ ወጡ። የመጨረሻው ጀርባ ላይ የነበረ ፀጉር ግን ነብሩ ጥፍር ውስጥ ቀረ። ሳጥነኞቹ ደስ አላቸው። «አላልንም?» አሉ፤ ፀጉሩን የተነጨውን ጓደኛቸውን እንኳን ተረፍክ ያለው የለም።

በሁለተኛው ቀን ሳጥኑ ተሰካ። ነብሩ ተመልሶ መጣ። ደብሪቱ ሁለት ጊዜ መታች። ሳጥኑ ግን የመጀመሪያውን ድምፅ አልለቅም አለ። አንደኛው ሳያልቅ ሁለተኛው ደረሰበት፤ ተቀላቀሉና አንድ ረጅም ድምፅ ሆኑ፤ «ጢ—ን—ን—ን—ን!»

«አንድ ነው! ንስር ነው!» ብለው ሁሉም ዋሻ ገቡ። ነብሩ ከዋሻው አፍ ተጋደመ፤ እጁንም ሰደደ።

«ቶሎ ልቀቀው እንጂ!» አለች ደብሪቱ ሳጥኑን።

«ጥሩ ድምፅ አይቸኩልም» አላት።

ገመዱን ነቀለችና እንደገና በደረቁ ሁለት ጊዜ መታች። ሽኮኮዎቹ በዋሻው ጓሮ ባለ ጠባብ ቀዳዳ ተገፋፍተው ወጥተው ጫፍ ላይ ደረሱ። አንድ ሽማግሌ ሳጥነኛ ግን እግሩን ተቧጭሮ እያነከሰ ነበር። «እንዴት ነህ?» ቢሉት፣ «ደህና ነኝ። ድምፁ ግን ሙቀት ነበረው» አለ።

ስልከኞቹ በተራቸው ደስ አላቸው። ጭቅጭቁ ስለ ባሰ ሌላ ስብሰባ ተጠራ። ድንበሩ ሲያስብ ቆይቶ ሊቀመንበር የሚያስበውን አሰበ። «ሁለቱም ይሰኩ!» አለ። ገደሉ በጭብጨባ ተናጋ። ለሁለት ቀን ሲጣሉ የነበሩት ተቃቀፉ።

«ድንበሩ!» አለች አስካለ። «ሁለቱንም ቀን የዳንነው እኮ ገመዱ ሲነቀል ነው።»

«ይሄን ቤት እንነጋገርበት» አላት፤ በሕዝብ ፊት በመናገሯ አፍሮ። ከዚያም ራሱ ወጥቶ ሲንተሳይዘሩን ከስልኩ፣ ስልኩን ከሳጥኑ፣ ሳጥኑን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኘ። ገመዶቹንም በቃጫ ጥብቅ አድርጎ አሰራቸው። «እየነቀሉ አያበላሹብን» አላት ደብሪቱን።

በሦስተኛው ቀን ንስር መጣ። ደብሪቱ ገና ነጥብ አክሎ ሳለ አየችው፤ ዓይኗ አላረጀም። አንድ ጊዜ መታች። አንዱ ድምፅ ስልኩ ውስጥ ገብቶ ሦስት ሆነ፤ ሦስቱ ሳጥኑ ውስጥ ገብተው ስድስት ሆኑ። «ጢን! ጢን! ጢን! ጢን! ጢን! ጢን!» ገደሉ ዘፈነ። የዝንጀሮዎቹ ኢኮ ምን ሊወዳደረው!

ሽኮኮዎቹ ቆመው ቆጠሩ። «ስድስት ነው! ስድስት ምንድን ነው?» ተባባሉ።

«ሁለት ጢን አንድ ነብር ከሆነ ስድስት ጢን ሦስት ነብር ነው!» አለ ሒሳብ አዋቂ ነኝ የሚል አንዱ። «ወደ ጫፍ!»

ሁሉም ሮጠ። አስካለ፣ «ቆይ፣ ስድስት የሚባል ነገር የለም!» ብላ ነበር። ግን ሦስት ነብር ከተባለ ዋሻ ውስጥ ብቻዋን መቅረት አልቻለችም፤ ሮጣ ወጣች። ደብሪቱ ቃጫውን በጥርሷ ትነክሳለች፤ ቃጫው አይበጠስም። ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ከጉሮሮዋ ነፋስ ብቻ ወጣ።

ጫፉ ላይ መጠለያ የለም፤ ልሙጥ ድንጋይ ነው። ንስሩ መቸኮል እንኳን አላስፈለገውም። ድንበሩ፣ «ስሙት፣ አሁንም እየተመላለሰ ነው!» እያለ ሲደሰት ጥላ አለፈበት። ቀና ሲል አስካለ ጎኑ አልነበረችም። አየር ላይ ነበረች።

ድንኳን ተተከለ። ስልከኛውም ሳጥነኛውም ለቅሶ መጣ። ትንሽ ተለቀሰ። ከዚያ አንዱ ስልከኛ ጎረቤቱን፣ «ስልኩ ብቻ ቢሆን ሦስት ነበር የሚሆነው» አለው። «ሳጥኑ ብቻ ቢሆን ደግሞ...» አለ ያ። ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄደ። ከሁለቱ የትኛው እንዳጠፋ የሚያጣራ ኮሚቴ ይቋቋም የሚል ሐሳብም ቀረበ።

ድንበሩ ከተቀመጠበት ተነሣ። መልስ ይሰጣል ብለው ጠበቁ። እሱ ግን ወደ ቋጥኙ ወጣ፤ ያሰረውን ቃጫ ራሱ ፈታ፤ ስልኩንና ሳጥኑን ወደ ጎን አደረገ።

«እመት ደብሪቱ፣ አንድ ጊዜ ይምቱልኝ» አላት።

«ምንም የለም እኮ ልጄ። ሰማዩ ባዶ ነው።»

«አውቃለሁ። ያን ቀን እንዴት መሰማት እንደነበረበት ልስማው።»

ደብሪቱ መታች። «ጢን!»

ዓይን ሳይጨፈን ድንኳኑ ባዶ ሆነ። ስልከኛው፣ ሳጥነኛው፣ ኮሚቴው፣ እግሩን የሚያነክሰው ሽማግሌ ሳይቀር ዋሻ ገባ። አንድ ሽኮኮ ብቻ ውጭ ቀረ። ድንበሩ ባዶውን ሰማይ እያየ ቆሞ፣ «እንዴት ቀላል ነበር» አለ። ከዚያ አለቀሰ። ደብሪቱ አላባበለችውም፤ ግን አላባረረችውም፤ ከአጠገቧ ቦታ ለቀቀችለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊቀመንበርነቱን ትቶ ከእሷ ጋር ሰማይ ይጠብቅ ጀመር።

ዓመቱ ዞሮ አንድ ሽኮኮ ሊያገባ ሆነ። ለጭፈራው ሌላ ኦርጋን ተዋሱና ወደ ደብሪቱ መጡ። «ኢኮ እንፈልጋለን። ለሠርጉ ስልኩ ይሻላል ሳጥኑ?» አሏት።

«ቅርባችሁ ያለውን አንሡ» አለች ዓይኗን ከሰማዩ ሳትነቅል።

ስልኩና ሳጥኑ ይህን ሲሰሙ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ፤ ሁለቱም አኮረፉ። ሠርጉ ግን ደመቀ፤ ኢኮው ተመላለሰ፤ በየትኛው እንደተሠራ የጠየቀ ጨፋሪ አልነበረም።

እንግዲህ እናንተም ሰምታችኋል። ማሳመሪያ ስትመርጡ፣ የሚያምረው ነገር ለምን እንደተሠራ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሳትጠይቁ ከመረጣችሁ ግን፣ ከሁሉ የተሻለውን ብትመርጡም የንስር ምሳ ከመሆን አትድኑም። ተረቱ ይኸው ነው፤ የተናገርኩት አንድ ጊዜ ነው፣ አንድ ጊዜም ይበቃል።