ባሻ ዘርጋው የፊታውራሪን መኪና የገዙ ጊዜ

ባሻ ዘርጋው በንጉሡ ዘመን ደሴ ላይ የኖሩ፣ ሰውነታቸው ትንሽ፣ ምላሳቸው ግን የማይቻል ሰው ነበሩ። ባለሥልጣን ቢቆጣቸው፣ ሀብታም ቢንቃቸው መልስ አያጡም። ስለ እሳቸው የሚወራው ብዙ ነው፤ እኔ ግን የመኪናዋን ነገር ብቻ ላውጋችሁ። የሰማሁት ቧንቧ ውሃ ሰፈር ጎሚስታ ከነበሩት ከአጎቴ ነው። አጎቴ ጎማዋን ስንት ጊዜ እንደ ለጠፉላቸው ቁጥሩን እንኳ አያስታውሱትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባሻ ትልቋ ልጅ ኮምቦልቻ አግብታ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀርባለች። ባለቤታቸው ወይዘሮ በለጡ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በቅሎ ላይ መውጣት ካቆሙ ቆይተዋል። «ልጄ ስታምጥ አጠገቧ ካልደረስኩ፣ አንቱንም ዓይንዎን አላይም» ብለው ቁርጡን ነገሯቸው። ባሻም በቅሎዋንና አንዲት የባሕር ዛፍ ቦታ ሸጠው ያገለገለች መኪና ፍለጋ ወጡ። ይመር የሚባል ደላላ አንዲት አገኘላቸው። ጂፕ እንዳትባል አንሳ፣ አውቶሞቢል እንዳትባል ከፍ ብላ፣ ቤተሰብ ከነጓዙ የምትይዝ ናት። ባለቤቷ ፊታውራሪ አምደወርቅ ነበሩ፤ አገሩ የሚፈራቸው ባለርስት።

*

ይመር መኪናዋን ሲያሳያቸው፣ ፊታውራሪ ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም ወስደዋት እንደማያውቁ በሚካኤል ስም ማለ። ባሻ ዞር ዞር ብለው አዩ። የፊት መከላከያዋ ተጣሟል፤ የአፍንጫዋ ቀለም ተገሽልጦ ብረቱ ይታያል።

«ልክ ነህ፤ ግንባሯ የተላጠው ስግደት አብዝታ ነው» አሉት።

ይመር ነገሩን ለማስቀየስ በሩን ከፈተና ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን እያሳየ፣ «ቁጥሩን ይዩት እንጂ ባሻ! ገና ልጅ እኮ ናት!» አለ።

«እህቴም አርባ ዓመቴ ነው ማለት ከጀመረች ሃያ ዓመቷ ነው።»

*

ዋጋ ለመቁረጥ ፊታውራሪ ራሳቸው ወጡ። ባሻ ትንሽ ይቀንሱልኝ ቢሏቸው ተቆጡ። «አንተ ዘርጋው! እኔ የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ መቀመጥ ክብር አይደለም? ክብሩን በነጻ ነው የሰጠሁህ!» አሉ።

ባሻ ገብተው ተቀመጡ። ፊታውራሪ ወፍራም ነበሩና ወንበሩ ሰርጉዶ፣ ትንሹ ሰውዬ እስከ አገጫቸው ጠለቁ። ከውጭ የሚታየው ባርኔጣቸው ብቻ ነበር።

«እውነትዎን ነው ጌታዬ፤ እርስዎ ቢነሱም ክብርዎ እንደ ተቀመጠ ነው» አሉ ከውስጥ።

እንዲህ እያሉም ገዟት። የልጃቸው ቀን እየቀረበ ነበር፤ በአቅማቸው ሌላ መኪና አልተገኘም።

*

መኪናዋ ጠዋት ጠዋት አትነሳም። ደሴ ደግሞ ዳገት ነው፤ ጭጋጉም አለ። ባሻ መሪ ይይዛሉ፤ ጎረቤቱ ጋቢውን እንደ ተከናነበ ወጥቶ ይገፋል። ሳምንት ሳይሞላ ቄሱም፣ ሼኩም፣ የትምህርት ቤቱ ዲሬክተርም ገፍተዋታል።

አንድ ቀን ወይዘሮ በለጡ ነገሩ አሳፈራቸውና፣ «ያችን የመሰለች በቅሎ ሸጠው ይህን ጉድ ያምጡ? በቅሎዋ ምን አጠፋች?» አሉ።

«በቅሎዋ ስትለግም የምገፋት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ይችን ሰፈሩ ሁሉ ያግዘኛል።»

*

አቶ ገብረየስ የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ ጎረቤት ነበሯቸው። ከሀብታቸው ንፍገታቸው ይበልጣል። መኪናዋ በተነሳች ቁጥር ከየት መጡ ሳይባል ገብተው ይቀመጣሉ፤ ፒያሳ ሱቃቸው በር ላይ ይወርዳሉ። አንድ ቀን እንኳ ለቤንዚን ብለው እጃቸውን ወደ ኪሳቸው አልሰደዱም። ስትገፋም አይወርዱም፤ ወገቤን ያመኛል ይላሉ። ባሻ አንዴ በዘዴ ቢነኳቸው፣ «መሄዱን እንደሆነ መሄድህ አይቀር! እኔ ስለ ተቀመጥኩ ምን ይጎድልብሃል?» አሉ።

በማግስቱ እሑድ ነበር። አቶ ገብረየስ ዶሮ ወጥ ቀርቦላቸው እጃቸውን ሲታጠቡ በሩ ተንኳኳ። ባሻ፣ ወይዘሮ በለጡና አምስት ልጆቻቸው ተከታትለው ገብተው መሶቡን ከበቡት። አቶ ገብረየስ ደንግጠው፣ «ምነው ባሻ፣ ምን ተፈጠረ?» አሉ።

«መብላቱን እንደሆነ መብላትህ አይቀር ብለን ነው» አሉና ቆረሱ።

ከዚያ ወዲያ አቶ ገብረየስ ሱቃቸው በእግር ይሄዱ ጀመር። ለወገባቸውም ተስማማቸው ይላሉ አጎቴ።

*

ከዕለታት አንድ ቀን ልጅቱን ምጥ ያዛት የሚል መልእክት ከኮምቦልቻ መጣ። ወይዘሮ በለጡ የቅቤውን ቅል አቅፈው ከኋላ ተቀመጡ፤ ባሻ አስነስተው የሀረጎን ቁልቁለት ጀመሩ። ሀረጎን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በአንድ ወገን ተራራ፣ በአንድ ወገን ገደል፣ መሐሉ ጥምዝምዝ ነው። ሁለተኛው ጥምዝ ላይ ባሻ ፍሬን ቢረግጡ እግራቸው እስከ ወለሉ ሰመጠ። መኪናዋ ፍጥነት ጨመረች።

«ኧረ ያቁሙ! ኧረ በመድኃኔዓለም ያቁሙ!» ብለው ጮኹ ወይዘሮ በለጡ።

«እኔማ ቆሜያለሁ፤ የምትሄደው እሷ ናት!»

ማርሽ ቀነሱ፤ የሆነው ይሁን ብለው መሪውን ወደ ተራራው ጠመዘዙ። መኪናዋ አፈሩን እየቧጠጠች ሄዳ ሄዳ ቆመች። ቅሉ ተሰብሮ ቅቤው በነጠላቸው ላይ ፈሰሰ እንጂ ሰው አልተጎዳም። ጨው የጫነ ካሚዮን አንስቷቸው ሲደርሱ ሕፃኗ ተወልዳ እያለቀሰች ነበር። ባሻን ይቀፏት ቢሏቸው እንቢ ብለው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። የዚያን ቀን እስኪመሽ አንድም ቀልድ አልወጣቸውም።

*

መኪናዋን ጎትተው ለመካኒኩ ለእንድሪስ ሰጡት። እንድሪስ ከሥሯ ገብቶ ቆየና ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። ፍሬኑ ዘይት ሲያፈስ ፊታውራሪ ጠርተውት፣ «ዝም ብለህ ድፈነው፤ እኔ እንደሆን አልነዳትም» ብለውት ኖሯል። የደፈነው እሱ ነው፤ ለሰው ይሸጧታል ብሎ ግን አላሰበም። «ባሻ፣ ይምቱኝ፤ ይርገሙኝ። ግን ለምስክርነት አይጥሩኝ። የምኖረው በሳቸው መሬት ላይ ነው፤ ልጆቼን ያባርሩብኛል» ብሎ አለቀሰ።

ባሻ ከወደቀበት በክንዱ ይዘው፣ «ተነስ፤ አልጠራህም» አሉት። ያለ ምስክርም ከሰሱ።

*

ዳኛው ፊታውራሪን ወንበር አስመጥተው አስቀመጧቸው፤ ባሻን አቆሟቸው። ከዚያ፣ «ስትገዛ ፍሬኗን ለምን አልመረመርክም?» ብለው ጠየቁ።

«ስገዛት ቆማ ነበር ክቡር ዳኛ፤ የቆመች መኪና ፍሬኗ ምን እንከን ይወጣለታል?»

ችሎቱ ሳቀ፤ ዳኛው ግን አልሳቁም። «ምስክር አለህ?» አሉ። የለኝም አሉ ባሻ። «እንግዲያው ፊታውራሪ የተከበሩ ሰው ናቸው። ፍሬኗ ደህና ነበር ብለው ከማሉ ነገሩ ያልቃል» አሉ ዳኛው። ፊታውራሪ ለመማል እጃቸውን አነሱ።

«መሐላው ይቅርብኝ» አሉ ባሻ። «መኪናዋ እንደ ገዛኋት ናት፤ አንዲት ብሎን አልነካኋትም። አስጎትቼ ውጭ አቁሜያታለሁ። ፊታውራሪ ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን ጭነው ሀረጎን ወርደው ይመለሱ፤ እኔም ይቅርታ ጠይቄ ክሴን አነሳለሁ።»

ፊታውራሪ ያነሱትን እጅ ቀስ ብለው አወረዱት። «ወገቤን ያመኛል» አሉ፤ ቀጥሎም «ዛሬ ዓርብ ነው፣ መንገድ አልወጣም» አሉ። ዳኛው ወዳጃቸው ነበሩ፤ ግን ችሎቱ ሙሉ ሰው ነው፣ ሁሉም አይቷል። በመጨረሻ ፊታውራሪ ፍሬኗን በሙሉ በአዲስ አስቀይረው፣ የተቧጠጠውንም አስጠግነው እንዲያስረክቡ ፈረዱ።

ፊታውራሪ በንዴት ጦፈው ወጡ። ግቢው ውስጥ ሰው እንደ ተሰበሰበ ባሻን አስቆሟቸውና በከዘራቸው እየጠቆሙ፣ «አንተ ዘርጋው! ይህ አፍህ ጌታ አያይ፣ ጨዋ አያይ! ምናለ አንድ ቀን እንኳ ቢቆም?» ብለው ጮኹባቸው።

ባሻ ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሱ።

«ምን ላድርግ ጌታዬ፤ እሱንም ፍሬኑን ደፍነውብኝ ነው።»