ጫፉ ክፍት የቀረው ሸንጎ ቤት

እኛ አገር ትልቅ ሰው ከመዋጮ ሲሸሽ ሽማግሌዎች አንዲት አባባል ጣል ያደርጋሉ። ሰዉም ይስቃል፤ ከየት እንደ መጣች ግን አንድ እንኳ የሚጠይቅ የለም! እኔ ልንገራችኋ።

የሸንጎ ቤቱ ክዳን አርጅቶ ክረምት የሚያሻግር አልሆነም። ከየቤቱ ሁለት ሁለት ሸክም ሣር ይምጣ ተባለ። የአገሩ ገዥ ፊታውራሪ ወንድይራድ፣ «እኔ ዳኝነት አዋጣለሁ፤ ደግሞ ሣር?» አሉ። ለአማቻቸውም ቀረለት፤ ለጭቃ ሹሙም ቀረለት። ጉድ እኮ ነው፣ የሣሩ መስክም ክምሩም የእነሱው ነበር!

ጣራ ከዳኙ አያ ጎንጤ እንደ ወጉ ከዳር ጀምሮ ወደ ላይ ከደነ፣ ከደነና ጫፉ ጋ ሲደርስ ሣሩ አለቀ።

«እነ ሽታዬ ደጅ ክምር አይቻለሁ፤ አምጡት» አሉ ፊታውራሪ።

እማማ ሽታዬ ባል የሞተባቸው ናቸው፤ የድርሻቸውን ሁለት ሸክም ቀድመው ሰጥተዋል። ወሬውን ሲሰሙ እየሮጡ መጡ።

«ጌታዬ፣ ጎጆዬ ሁለት ክረምት አፍስሳብኛለች። ያንን ሣር ከየመንገዱ ዳር ለቅሜ ነው ያጠራቀምኩት። እሱን ከወሰዱብኝ ዘንድሮ የት ልጠለል?»

አያ ጎንጤ ከጣራው ላይ ሰማ።

«የእሳቸው ሣር ከመጣስ እኔ ወረድኩ። ሌላ ከዳኝ ይፈልጉ!»

ሌላ ከዳኝ ደግሞ በአገሩ የለም። ፊታውራሪ ግራ ገባቸውና፣ «ለዚህች ቀዳዳ ነው እንዴ ይህ ሁሉ! ተዉት፣ ለከርሞ እናሟላታለን» ብለው ሄዱ።

ሰኔ ገባ፤ ሸንጎው ተሰበሰበ። እንደ ልማዱ ትልልቆቹ መሀል ምሰሶው ሥር፣ ድሃው ዳር ዳሩን ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ። ዝናቡ ዶፉን ለቀቀዋ! ዳሩ ደረቅ፣ በክፍቱ ጫፍ ሥር ያለው መሀሉ ጭቃ ሆነ። የፊታውራሪ ካባ ውኃውን ጠጥቶ ከበዳቸው።

«እስቲ ጠጋ በሉልኝ» አሉ ወደ ግድግዳው እየመጡ።

«ኧረ በሞትኩት፣ ጌታዬ!» አለ አንድ ቀልደኛ። «እርስዎ ከክብር ቦታዎ ተነሥተው እኛን ምን ሊውጠን!»

ሸንጎው ተንከተከተ። እሳቸውም ምን ያድርጉ፣ ሳቁ።

በማግስቱ ከፊታውራሪ ግቢ፣ ከአማቻቸውም፣ ከጭቃ ሹሙም የሣር ሸክም ይግተለተል ጀመር። አያ ጎንጤም እያፏጨ ጫፉን ገጠመ። እማማ ሽታዬ በዚያው በለቀሙት ሣር ከተከደነች ጎጆአቸው በር ላይ ቆመው ሸክሙ ሲያልፍ አዩና፣ ደስታቸውን መደበቅ አቅቷቸው፣ «እሰይ! ሣር ያጎደለ፣ ዝናብ ተቀበለ» አሉ።