በቀትር የሚሰብከው ቤት

አንድ ሰባኪ ነበር። መምህር ገብረኪዳን ይባላል። አንደበቱ የሰላ፣ ትምህርቱ የተደነቀ ሰው ነው። ችግሩ ከዐውደ ምሕረት ሲወርድ ስብከቱም አብሮት መውረዱ ነበር። እንቅፋት መትቶት የወደቀ ሰው ቢያገኝ ደግፎ ከማንሣት ይልቅ እዚያው ቆሞ ስለ ጥንቃቄ ያስተምረዋል። ላሟ የሞተችባትን ሴት ስለ ዓለም ከንቱነት ያስረዳታል። የአገሩ ሰው ያከብረው ስለነበር ፊት ለፊት ምንም አይለውም፤ ግን ከሩቅ ሲያየው መንገድ ይቀይራል። ነገር ያበዛ ሰው ሲያጋጥመውም «ምነው፣ ገብረኪዳን ሆንክብኝ» ይባባል ነበር።

መምህሩ እታለማሁ የምትባል ታናሽ እህት ነበረችው። ባሏ ሞቶባት ጥጥ እየፈተለች የምትኖር ሴት ናት። ያላት አንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ ይበልጣል ይባላል። ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶት፣ ለሠርጉ ቀን ተቆርጦለት ሳለ የወንዝ ሙላት ወሰደው። ሬሳው በማግሥቱ ተገኝቶ ተቀበረ። መርዶው ሲደርሰው መምህሩ ሩቅ ደብር ለዓመት በዓል ተጋብዞ ሄዶ ነበር። ሕዝቡ ተሰብስቦ ይጠብቀዋል። የሞተው ሞቷል፣ እኔ ሕያዋኑን ላስተምር አለና ጉባኤውን ሳይጨርስ አልተነሣም።

በሦስተኛው ቀን መጣ። በዚያ አገር ቀብር ያመለጠው ሰው ለቅሶ የሚደርስበት ወግ አለው። ገና ከመንገዱ ጀምሮ የሟቹን ስም እየጠራ ያለቅሳል፤ ሐዘንተኞቹም ድምፁን ሲሰሙ ከተቀመጡበት ተነሥተው ይቀበሉታል፣ አብረውትም ያለቅሳሉ። እታለማሁ ወንድሟ እየመጣ መሆኑ ሲነገራት ነጠላዋን ታጥቃ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆመች። መምህሩ ግን ድምፁን ሳያሰማ ገባ። ሴቶቹን በእጁ ምልክት አስቀመጣቸው፤ እንደ ልማዱ ሁለት ጊዜ ሳል አለና ጀመረ።

«እታለማሁ፣ ልጅሽ አደራ ነበር፤ ባለቤቱ ወሰደው። እንባሽን ጥረጊ። ማልቀስ ከፈጣሪ ጋር ሙግት መግጠም ነው።»

ከዚያ በኋላ ለረጅም ሰዓት ሰበከ። ሲጨርስም እንደተለመደው ሁሉም በአንድ ድምፅ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» አሉት። እታለማሁ እንባዋን ጠረገች። ከዚያን ቀን ወዲያ ስታለቅስ ያያት ሰው የለም። መምህሩም በዚህ ተደስቶ፣ በየሄደበት ደብር የእህቱን ጽናት ምሳሌ እያደረገ ይናገር ጀመር።

ድንኳኑ ፈረሰ፣ ለቀስተኛውም ወደየቤቱ ሄደ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ አስካለ የምትባል ጎረቤት ወንፊት ልትዋስ በቀትር ወደ እታለማሁ ቤት ብቅ አለች። ቀትር መቼም በዚያ አገር የሚፈራ ሰዓት ነው፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም ሰው ሁሉ ከቤቱ አይወጣም። አስካለ ግን ቸኩላ ነበር። በሩ ላይ ስትደርስ ከውስጥ የወንድ ድምፅ ሰማች። «እንባሽን ጥረጊ» ይላል። መምህሩ እህታቸውን ሊጠይቁ መጥተው ይሆናል ብላ ትንሽ ጠበቀች፤ ኋላም አጮልቃ አየች። እታለማሁ እንዝርቷን ይዛ ብቻዋን ተቀምጣለች። ድምፁ የሚመጣው ማንም ከሌለበት ከምሰሶው ጥግ ነበር።

አስካለ ወንፊቱን ትታ ሮጠች። ነገሩን ለማረጋገጥ የመጡትም እንደ እሷው ሮጡ። ድምፁ በየቀኑ በቀትር ይጀምራል፤ የለቅሶውን ስብከት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይለዋል፤ ከዚያም ጸጥ ይላል። ዶሮዎቹ እንኳ ሰዓቱ ሲደርስ በራሳቸው ከቤት ይወጡ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለ ወደ እታለማሁ ቤት የሚዘልቅ ሰው ጠፋ። ሦስት ዓመት ሙሉ ፈትሏን ደጅ አውጥታ ታስቀምጣለች፤ የሚወስደውም ሰው ልዋጩን እህል እዚያው ትቶላት ይሄዳል።

ወሬው መምህሩ ጆሮ ሲገባ ተቆጣ። አጉል እምነት ነው ብሎ ስለ አጉል እምነት አንድ እሑድ ሙሉ ሰበከ። በመጨረሻ አስካለ ቀርባ ድምፁ የማን እንደሆነ ነገረችው። «የርስዎ ነው፣ አባቴ» አለችው። በማግሥቱ ጠበልና የጸሎት መጽሐፉን ይዞ ወደ እህቱ ቤት ሄደ።

እታለማሁን ሲያያት አላወቃትም። ከስታለች፤ ፀጉሯ ሸብቷል። ተቀመጥ አለችውና ፈትሏን ቀጠለች። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ እንዝርቷን አስቀምጣ አንገቷን ደፋች። ከምሰሶው ጥግ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሳል ሲል ተሰማ። መምህሩ የገዛ ድምፁ ሲሰብክ ሰማ። አንዲት ቃል አልጎደለችም። ስብከቱ ሲያልቅ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» የሚሉ ብዙ ድምፆች ተከተሉ፤ ከመካከላቸውም ያኔ ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት፣ ባለፈው ክረምት ግን እሱ ራሱ ፍትሐታቸው ላይ የቆመላቸው የአለቃ መዝሙር ድምፅ ነበረበት።

ግን እሱ የሚያውቀው አንድ ሥራ ብቻ ነው። ተነሥቶ ጠበሉን ረጨ፣ ጸለየ፣ ጥጉን ፊት ለፊት ቆሞ ገሠጸ፣ ሰበከ። ጥጉም ዝም አለው። ተሳካልኝ ብሎ ደስ እያለው ሄደ። በማግሥቱ ቀትር ላይ ድምፁ የድሮውን ስብከት ጨረሰና፣ ትናንት የተሰበከውንም ከላዩ ጨምሮ ሰበከ። መምህሩ ሳምንቱን ሙሉ ተመላለሰ። በየቀኑ አዲስ ነገር ይናገራል፤ ጥጉም በየቀኑ ይማራል። በሰባተኛው ቀን ስብከቱ በቀትር ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ የማያልቅ ሆነ።

ያን ጊዜ እታለማሁ ተናገረች። «ወንድም ጋሼ፣ እባክህ አትጨምርብኝ። በፊት ከቀትር በኋላ ያለው የእኔ ነበር፤ ልጄን የማስበው ያን ጊዜ ነው። አሁን ፊቱ እየጠፋብኝ ነው። ነገ ከነገ ወዲያ ቤቱን ጥዬ እሄዳለሁ። ከይበልጣል የቀረኝ ደግሞ ይኸው ቤት ብቻ ነው።»

መምህሩ የጸሎት መጽሐፉን አጥፎ አስቀመጠው። «ታዲያ ምን ላድርግ?» አላት። ሰውን ምን ላድርግ ብሎ ሲጠይቅ በዕድሜው የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

«ያን ቀን ነጠላዬን ታጥቄ ደጅ ቆሜ ነበር» አለችው። «ከመንገድ ጀምረህ ስሙን ስትጠራ ልሰማ። አገሩ ሁሉ አልቅሶልኛል። የቀረኝ የእናቴ ልጅ ነው።»

በማግሥቱ መምህሩ መጽሐፉንም ጠበሉንም ሳይዝ መጣ። መንገዱ ዳር፣ ቅጥሩ ከሚጀምርበት ላይ ቆመ። ከቤቱ ውስጥ ድምፁ ስብከቱን ጀምሯል። ለማልቀስ ሞከረ፤ የሚመጣለት ቃል ብቻ ነበር። ስለ ሞት ያውቃል፣ ስለ ትንሣኤ ያውቃል፤ ስለ ይበልጣል የሚያውቀውን ሲፈልግ ግን ለረጅም ጊዜ ምንም አላገኘም። በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለው። ልጁ አንድ ጊዜ ሸንኮራ ተሸክሞ ግማሽ ቀን በእግሩ ሄዶ ሊጠይቀው መጥቶ ነበር። እሱ ደግሞ ሸንኮራውን ተቀብሎ፣ ሥራ ፈትቶ መዞር ጥሩ አይደለም ብሎ መክሮ መለሰው። ውኃ እንኳ ሳያጠጣው ነው የመለሰው። ይህን ሲያስብ ውስጡ ተሰበረ።

«ይበልጣል! ልጄን! ሳልቀብርህ ልጄን!»

እየጮኸ፣ ደረቱን እየደቃ ቅጥሩን አልፎ ገባ። እታለማሁ ነጠላዋን ታጥቃ ወጣች። ሦስት ዓመት የዘጋችውን እንባ ለቀቀችውና ወንድሟ አንገት ላይ ወደቀች። ለቅሶውን የሰማው ጎረቤት ሁሉ ፍርሃቱን ረስቶ፣ ቀትር መሆኑንም ረስቶ ከየቤቱ ወጣ። አስካለ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጀመሪያ ደረሰች። አልቅሰው ሲወጣላቸው ቤት ገብተው ተቀመጡ። የምሰሶው ጥግ መቼ ዝም እንዳለ ያስተዋለ ሰው አልነበረም።

መምህሩ ከዚያ በኋላ ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ እሱን ግን ሌላ ፍርሃት ያዘው። በዕድሜው የሰበከባቸውን ድንኳኖች፣ የሕመምተኛ አልጋዎች፣ የተጣሉ ባልና ሚስት ቤቶች መቁጠር ጀመረና ቁጥሩ ጠፋበት። በትሩን ይዞ ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው ይዞር ጀመር። አንዳንዶቹን ቤቶች ከረሳቸው ቆይቷል፤ ባለቤቶቹም መልኩን ረስተውታል። ደጃፋቸው ላይ ቆሞ «ቤቶች» ብሎ ሲጣራ ግን ማነህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም። በድምፁ ያውቁት ነበርና በዝምታ ወደ ቤታቸው ጥግ ያመለክቱት ነበር።

ወዳጆቼ፣ ስብከት መልካም ቃል ነው፤ ምሥራች ማብሠር ነው። እኛ ግን በዕለት ተዕለት ንግግራችን «አትስበክብኝ» የምንባባለው በከንቱ አይደለም። ሰው እንዲህ ሲለን እውነትን ጠላ ብለን እንቀየማለን። ብዙ ጊዜ ግን የሚለን ከአጠገቤ ተቀመጥ፣ ከእኔ ጋር እዘን ነው። እውነተኛ ቃልም ቢሆን እንባን ለማስቆም ከተጣደፈ፣ ተናጋሪው ከሄደ በኋላ በሰው ቤት ይቀርና ባለቤቱን ሲያሳድድ ይኖራል። ስለዚህ ከመስበካችን በፊት አብረን እናልቅስ።

ዛሬ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ የእርስዎ ድምፅ በማን ቤት ጥግ እየሰበከ ይሆን?