ያፌትና የማይዘጋው ፋይል

እስቲ ጠጋ በሉ። ታሪኩ አጭር ነው፣ መንገዱ ግን ዙሪያ ጥምጥም ነው።

ያፌት የሚባል የጨዋታ ደራሲ ነበር። በእሱ ጨዋታ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ አንዱ የጨው ነጋዴ፣ አንዷ ግመል ነጂ፣ ሌላው ሽፍታ ይሆናሉ፤ ዳይስ እየጣሉ፣ ታሪኩን ራሳቸው እየተናገሩ ይጓዛሉ። ሕጉን የሚጽፈው ያፌት ነው። የጨዋታው ስም «አሞሌ» ይባላል፤ የሚሸጠውም በስልክ በሚነበብ ፋይል ነው። እንዲያውም ያፌት «ወረቀት ሞቷል፤ አፈሩን ያቅልለት» ብሎ በቴሌግራም ጽፎ ነበር። ብዙ ሰው ወደደለት፤ እሱም ለጥቂት ቀን ደረቱን ነፍቶ ሰነበተ።

አንድ እሑድ እናቱ ወይዘሮ አስካለ የቡፌውን መስታወት እየወለወሉ ጠሩት። ቡፌው ውስጥ የታላቅ ወንድሙ የምረቃ ፎቶ አለ፤ የእህቱም አለ፤ መሃሉ ባዶ ነው።

«አንተስ? እዚህ የማስቀምጠው፣ የሠራኸው ነገር የለም?» አሉት።

ያፌት ስልኩን አቀበላቸው። በጣታቸው ነካ ቢያደርጉት ገጹ በረረባቸው።

«ልጄ፣ ይኼ ስልክ ነው። ሥራህ የታለ?»

ያፌትን ሆድ ባሰው፤ አፈረም። ወረቀትን የቀበረው ሰውዬ መጽሐፍ አማረው።

በማግስቱ ማተሚያ ቤት ሄደ። «ጋሽ ድንበሩ፣ ያትሙልኝ! እርስዎ ካላተሙ መጽሐፍ የለኝም፤ መጽሐፍ ከሌለኝ የእማዬ ቡፌ ባዶ ነው።»

ጋሽ ድንበሩ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። «ወረቀት ሞቷል ያልከው አንተ አይደለህ? እኔ ሬሳ ላይ አላትምም። መጽሐፍ ሻጯ ካላዘዘች ማሽኔን አላስነሳም።»

ወደ መጽሐፍ ሻጯ ሮጠ። «እትዬ ብርቄ፣ ይዘዙልኝ! እርስዎ ካላዘዙ ጋሽ ድንበሩ አያትሙም፤ ጋሽ ድንበሩ ካላተሙ መጽሐፍ የለኝም፤ መጽሐፍ ከሌለኝ የእማዬ ቡፌ ባዶ ነው።»

«የኔ ጌታ፣ አቧራ ሲጠጣ የሚኖር ስንቱ አለ መሰለህ! ገዢ ካልጠየቀኝ አላዝዝም» አሉና የሌላ ደራሲ መጽሐፍ አንስተው አራገፉ። ያፌት በዚያ ደራሲ ቀና፤ አቧራው ሳይቀር አስቀናው።

ተጫዋቾቹ ወደሚሰበሰቡበት ጁስ ቤት ገሰገሰ። «ልጆች፣ መጽሐፉን ጠይቁ! እናንተ ካልጠየቃችሁ እትዬ ብርቄ አያዝዙም፤ እትዬ ብርቄ ካላዘዙ ጋሽ ድንበሩ አያትሙም፤ ጋሽ ድንበሩ ካላተሙ መጽሐፍ የለኝም፤ መጽሐፍ ከሌለኝ የእማዬ ቡፌ ባዶ ነው።»

«ምን ያደርግልናል?» አለ ሽፍታ ሆኖ የሚጫወተው። «ሶስና ሕጉን ከታብሌቷ ታነብልናለች። እሷ ታብሌቷን ካልዘጋች አንጠይቅም።»

ሶስና የጨዋታው መሪ ናት፤ ከጠረጴዛው ራስ ተቀምጣለች። ያፌት ወደ እሷ ዞረ። «ሶስናዬ፣ ታብሌቱን ዝጊ! አንቺ ካልዘጋሽ ተጫዋቾቹ አይጠይቁም፤ ተጫዋቾቹ ካልጠየቁ እትዬ ብርቄ አያዝዙም፤ እትዬ ብርቄ ካላዘዙ ጋሽ ድንበሩ አያትሙም፤ ጋሽ ድንበሩ ካላተሙ መጽሐፍ የለኝም፤ መጽሐፍ ከሌለኝ የእማዬ ቡፌ ባዶ ነው።»

«በመጽሐፍማ ደስ ባለኝ!» አለች ሶስና። «ግን ትናንት ግመል ውኃ ይፈራ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ፋይሉን ስከፍተው ዋናተኛ ሆኗል። ነጋዴያችን ወንዝ መሃል እያለ ሕግ ተለወጠበት! ፋይሉ ከእንግዲህ አይነካም ተብሎ ካልተዘጋ ታብሌቴን አልዘጋም።»

«እሺ፣ ፋይሉን የሚዘጋው ማን ነው? ሄጄ እግሩ ላይ ልውደቅ» ብሎ ያፌት ተነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ፋይሉን የሚዘጋው እሱ ነበር።

ቤቱ ገብቶ መስታወት ፊት ቆመ። «ያፌት፣ ፋይሉን ዝጋ! አንተ ካልዘጋህ ሶስና ታብሌቷን አትዘጋም፤ ሶስና ካልዘጋች ተጫዋቾቹ አይጠይቁም፤ ተጫዋቾቹ ካልጠየቁ እትዬ ብርቄ አያዝዙም፤ እትዬ ብርቄ ካላዘዙ ጋሽ ድንበሩ አያትሙም፤ ጋሽ ድንበሩ ካላተሙ መጽሐፍ የለኝም፤ መጽሐፍ ከሌለኝ የእማዬ ቡፌ ባዶ ነው።»

«አልዘጋም!» ሲል ያፌት ለያፌት መለሰለት። «አንዲት ነገር ብቻ ላስተካክል።»

ቀኑን ሙሉ እንዲህ ያለ ግትር ሰው አልገጠመውም። እውነቱን ለመናገር ፈርቷል። የስልክ ስህተት ሰው ሳያይ ይታረማል፤ የታተመ ስህተት ግን ከነስሙ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ስልኩን አወጣና ግመሉን እንደገና ውኃ አስፈራው።

ወይዘሮ አስካለ ከጓዳ ሆነው ሁሉን ሰምተዋል። የቡፌውን ቁልፍ ይዘው መጡ። «ሥራህ ያለው እዚህ ስልክ ውስጥ ነው አይደል? በል አምጣው። ቡፌው ውስጥ ላኑረውና ልቆልፍበት፤ እንግዳ ሲመጣ አሳያለሁ።»

«ስልኬን?» ያፌት ስልኩን ደረቱ ላይ ለጠፈ።

እናቱ እጃቸውን ወደ ስልኩ ሲሰዱ ያፌት ፋይሉን ዘጋ። ያፌት ፋይሉን ሲዘጋ ሶስና ታብሌቷን ዘጋች፤ ሶስና ታብሌቷን ስትዘጋ ተጫዋቾቹ መጽሐፉን ጠየቁ፤ ተጫዋቾቹ ሲጠይቁ እትዬ ብርቄ አዘዙ፤ እትዬ ብርቄ ሲያዝዙ ጋሽ ድንበሩ እያጉረመረሙ አተሙ፤ ያፌትም መጽሐፉን በሁለት እጁ ይዞ ለእናቱ ሰጠ።

ቡፌው ውስጥ ያስገቡታል ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አድርገው ተቀመጡና ማንበብ ጀመሩ። ብዙ ቆዩ። ያፌት ጥፍሩን በላ።

«ይኼ ነጋዴዎቹ የሚያርፉበት ከተማህ ጥሩ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ገበያም አለው፣ ዳኛም አለው። ግን የውኃ ጉድጓድ የለውም። ሰዎቹ ከየት ይጠጣሉ?»

ያፌት ክው አለ። ጣቱ ሊያርም ሄዶ ገጹን ነካ፤ ገጹ ንቅንቅ አላለም። «ረስቼው ነው፣ እማዬ። አሁን ደግሞ ላስተካክለው አልችልም፤ ታትሟል።» ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

«ማን አስተካክል አለህ?» አሉና መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ገልጠው ዘረጉት። «ጉድጓዱን እኔ እቆፍርላቸዋለሁ። ዳይሱን አምጣ።»

እኔም እዚህ ላይ አፌን ዘጋሁ። ስህተት ካገኛችሁበት ለያፌት እንዳትነግሩት።