ፏፏቴው ያልቻላት ቅል

ተረት መጣች!
«በየት በኩል?»
በአጥሩ በኩል!
እንግዲያው በሩን ክፈቱላት። ዱሮ ዱሮ፣ ቅልም ጠጠርም አፍ በነበራቸው ጊዜ፣ ከተራራ ግርጌ ባለች መንደር አንዲት አዲስ ቅል ነበረች። ሆዷ ድብልብል፣ አንገቷ ቀጭን፣ አፏ በበቆሎ ቆረቆንዳ የተወተፈ።

ባለቤቷ እትዬ ስንዱ ጥሩ ሴት ነበሩ፤ ችኮላ ግን አመላቸው ነው። ቅሏን ከአጥር ላይ ቆረጧት፣ አደረቋት፣ አፏን በሷት፣ አንዴ ለቅለቅ አደረጓትና ውሃ ሞልተው ጠጡባት። ወዲያው ፊታቸው ጭምድድ አለ።

«እትፍ! ሬት!» አሉ። «ነገ ከገበያ ስመለስ አንዴ እሞክራታለሁ። ያኔም ከመረረችኝ ለሁለት ሰንጥቄ አንኮላ ነው የማደርጋት።»

ቅሏ ክው አለች። «ለሁለት? ግማሼ ጓዳ፣ ግማሼ ደጅ ሊውል? እኔ ከራሴ ልለያይ?» ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች።

ሲነጋ እትዬ ስንዱ ገበያ ሄዱ። ጭነታቸውን የሚሸከመው አያ አህያ ግን እግሬን አሞኛል ብሎ ቀርቷል። እግሩን ምንም አላመመውም። በግቢው የድንጋይ ካብ ውስጥ የምትኖረው እንኮዬ ሽኮኮ የቅሏን ለቅሶ ሰምታ ብቅ አለች።

«ቅልዬ፣ ተራራው ላይ ፏፏቴ አለ። ድንጋዩን እንኳ አጥቦ ያብረቀርቀዋል፤ አንቺን ያቅተዋል? ተነሺ! አያ አህያ፣ ተሸከማት!»

«እግሬን...» አለ አህያ።

«እዚያ ሣሩ እስከ ጉልበት ነው አሉ» አለች ሽኮኮ።

አህያው ከፊት ቀደመ።

መጀመሪያ ምንጭ ደረሱ። ቅሏ ጠጣች፣ ሞላች። ሽኮኮ ቀመሰችና ሦስት ጊዜ በራሷ ላይ ዞረች። «ኧረ ምላሴ! ምላሴ አለ?»

«አለ፤ እንዳውም በዝቷል» አለ አህያ።

ቀጥለው ከሾላው ሥር ካለው ጅረት ደረሱ። ቅሏ ደፋች፣ እንደገና ሞላች። አህያው ቀመሰና ጆሮዎቹ ቀጥ ብለው ቀሩ፤ አንዱማ እስኪመለሱ ድረስ አልታጠፈም።

በመጨረሻ ፏፏቴው ጋ ደረሱ። ከገደሉ አናት ነጭ ሆኖ ይወርዳል፣ ይጮኻል፣ ይስቃል።

«አምጧት!» አለ ፏፏቴ። «እኔ ስንቱን ቋጥኝ ያጠብኩ! ቅል ምን አላት?» ወርዶ ሞላባት፣ ከሞላባትም ቀመሰ። ልጆች፣ ወደ ገደሉ አናት ሊመለስ ምንም አልቀረውም!

«ይቅርብኝ፣ ይቅርብኝ» አለ፤ «እኔ ከላይ ወደ ታች እንጂ ከውስጥ ማጠብ አልችልም።»

ቅሏ እንባዋ መጣ። ፀሐይዋም አዘንብላለች። «በቃ፣ ማታ አንኮላ ነኝ» አለች።

ያን ጊዜ ከፏፏቴው ሥር ካለው ኩሬ ውስጥ ሦስት ጠጠሮች ተንጫጩ።

«አንቺ፣ ሆድሽን ማን ፈተገልሽ?»
«ማንም።»
«ታዲያ ውሃ ብቻውን ምን ያድርግ? ከጠዋት ጀምሮ አርሶልሻል፤ ቀሪው የእኛ ሥራ ነው። አስገቢን!»
«ብትሰብሩኝስ?»
«ብንሰብርሽ እትዬ ስንዱ ከሥራ ያርፋሉ» አለች ትንሿ ጠጠር።

ቅሏ ፈራች። አሰበች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፈተች። ጠብ! ጠብ! ጠብ! ጠጠሮቹ ገቡ። ሽኮኮ በቆረቆንዳው ወተፈቻት።

«አሁን የሚነቀንቃት ያስፈልጋል» አሉ ጠጠሮቹ ከውስጥ። ሁሉም ወደ አህያው ዞሩ።

አያ አህያ አንድ እግሩን አነሳ። «አሞኛል እኮ!»
«የትኛው?» አለች ሽኮኮ።
«ይኸኛው።»
«ጠዋት እኮ ያኛው ነበር!»

አህያው አፍሮ አንድ እርምጃ ተራመደ። ጠጠሮቹ ተንከባለሉ፤ ቅሏን ሆዷን ኮረኮሯት። «ኪኪኪ!» አለች። ሁለት እርምጃ ተራመደ። «ኪኪኪኪ! ተዉኝ! አትተዉኝ!» አህያው ቅል ስትስቅ ሰምቶ አያውቅም። ሳቁ ያዘው። «ሃ-ሂ! ሃ-ሂ!» እያለ ዘለለ። ሲዘል ጠጠሮቹ ባሱ፣ ጠጠሮቹ ሲብሱ ቅሏ ባሰች፣ ቅሏ ስትብስ አህያው ቁልቁለቱን በረረ። ሽኮኮ ጅራቱን ይዛ እየተንጠለጠለች «ቀስ! ኧረ ቀስ! ኧረ አይ፣ ፍጠን!» ትላለች።

ሾላው ጋ ሲደርሱ ቧ! ቆረቆንዳው ተፈናጥሮ የአህያውን ጆሮ መታው፤ የቀረው ጆሮም ታጠፈ። ከቅሏ ሆድ ፍሬውና ገለፈቱ ሁሉ ተዘረገፈና ሽኮኮን ከራስ እስከ እግሯ ለበጣት።

«አሁን ማን ልሁን?» አለች ሽኮኮ።
«የቅል ችግኝ መደብ» አለ አህያ፣ ተንከባሎም ሳቀ።

ከጅረቱ ሞሉ፣ ሮጡ፣ ደፉ፤ ውሃው ቡናማ ወጣ። ከምንጩ ሞሉ፣ ዘለሉ፣ ደፉ፤ ውሃው ነጣ ብሎ ወጣ። ለሦስተኛ ጊዜ ሞሉ፣ ደፉ፤ ውሃው እንደገባ ወጣ። ሁለቱ ጠጠሮች «ደህና ሁኚ!» ብለው ከምንጩ ቀሩ። ትንሿ ግን ከቅሏ ሆድ አልወጣችም።

ቤት የደረሱት ከእትዬ ስንዱ ትንሽ ቀድመው ነው። እትዬ ስንዱ ቅርጫታቸውን አስቀመጡ፣ ቅሏን አነሱ፣ ውሃ ሞሉ፣ ጠጡ።

ከንፈራቸውን ላሱ።

ቅሏ ትንፋሿን ዋጠች። ሽኮኮ ከካቡ ውስጥ ዓይኗን ሸፈነች።

እትዬ ስንዱ ደግመው ጠጡ። «አጃኢብ ነው» አሉ። «ውሃ ውሃ ይላል!»

ቅሏን ከምሰሶው ላይ ሲሰቅሏት ከሆዷ «ኪኪ» የሚል ድምፅ ሰሙ። ዞር ሲሉ ደግሞ አህያውን በላብ ተጠምቆ፣ በአራት እግሩ ቆሞ አገኙት። «አንተም ዳንክ? እሰይ! ነገ ሁለት ጆንያ ይጠብቅሃል።»

አህያው ደንግጦ እግሩን አነሳ። ሦስተኛውን እግር!

ካቡ ውስጥ ሽኮኮ እስኪያማት ሳቀች።

እናላችሁ፣ የመረረው ነገር ተወትፎ ሲቀመጥ አይጣፍጥም። ከፍታችሁ ጠጠሩን አስገቡት፤ የሚነቀንቃችሁም ጓደኛ ፈልጉ፣ እግሩን ያመመው ቢሆን እንኳ።

ተረቴም ከዚያች ቅል ውሃ ጠጣች፣ ከንፈሯን ጠረገች፣ በመጣችበት አጥር በኩል እየሳቀች ሄደች።